የነፃውን ትኬት ማን ከፈለው?

ቨርጂኒያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን በሌሊት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ጎረቤቷ፣ እሷም አበሻ ናት፣ ለገና አዲስ አበባ ደርሳ የተመለሰችው «በነፃ» ነው አሉ። በካርድ ነጥብ። «አንተ መቼም የማታነበው ነገር የለም፤ የትኛውን ካርድ ላውጣ?» ትላለች። እኔ ደግሞ ክሬዲት ካርድ በኪሴ ይዤ የማላውቅ የአዲስ አበባ ሰው ነኝ። ግን የጋዜጠኛ ነገር ሆኖ፣ ተጠይቆ «አላውቅም» ማለት ይከብዳል። የአንድ ካርድ ስም ልፈልግ ገብቼ የሰባ ዓመት ታሪክ ይዤ ወጣሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ሳይሆን ከምግብ ጠረጴዛ ነው። በ1950 ፍራንክ ማክናማራ የሚባል ነጋዴ ኒውዮርክ ውስጥ ዳይነርስ ክለብን አቋቋመ። ካርዱ ፕላስቲክ እንኳ አልነበረም፤ ካርቶን ነው። አባሉ በልቶ ይፈርማል፣ ሂሳቡን በኋላ ለክለቡ ይከፍላል። ሬስቶራንቱ ደግሞ ከሂሳቡ ላይ 7 በመቶ ለክለቡ ይተዋል። ይህችን 7 በመቶ ያዙልኝ፤ በኋላ የመጣው ሁሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው። ካርድ የያዘው ሰው የማያያት፣ ሻጩ ግን ሁልጊዜ የሚያያት ገንዘብ ናት።

በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬዝኖ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ለ60 ሺህ ያህል ሰዎች ካርድ በፖስታ ላከ። ማንም አልጠየቀም፤ ዝም ብሎ ቤታቸው መጣላቸው። ብዙዎች ዕዳቸውን ሳይከፍሉ ቀሩና ባንኩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ኪሳራ ደረሰበት። ያም ሆኖ ከካርዱ አልወጣም። ዛሬ ቪዛ የምንለው እሱን ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1976 ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1978 መጨረሻ ላይ፣ በሁለት ወር ውስጥ በሆኑ ሁለት ነገሮች ነው። በኦክቶበር ፕሬዚዳንት ካርተር የአየር መንገዶችን ገበያ ነፃ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። ከዚያ በፊት የትኛው አየር መንገድ ወዴት እንደሚበር፣ በስንት እንደሚሸጥ የሚወስነው የመንግሥት ቦርድ ነበር። ዋጋ ላይ መፎካከር ስለማይቻል ፉክክሩ በምግብና በመስተንግዶ ነበር። ሕጉ ሲወጣ የዋጋ ጦርነት ተጀመረ። በዲሴምበር ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤቱ ባለበት ግዛት የተፈቀደለትን ወለድ በሌላ ግዛት ካሉ ደንበኞቹም ላይ መጠየቅ ይችላል ብሎ ወሰነ። ሳውዝ ዳኮታ የወለድ ጣሪያዋን አነሳች፤ ሲቲባንክም በ1981 የካርድ ሥራውን ከኒውዮርክ ጠቅልሎ ሱ ፎልስ ወደምትባል ከተማዋ ሄደ። አንዱ ውሳኔ ደንበኛቸውን የሚያስሩበት መላ የቸገራቸው አየር መንገዶችን ፈጠረ፣ ሌላው በወለድ መክበር የሚችሉ ባንኮችን። ሁለቱ እስኪገናኙ ጊዜ ብቻ ነበር የቀረው።

ሜይ 1 ቀን 1981 አሜሪካን ኤርላይንስ አድቫንቴጅ የሚባለውን የተመላላሽ መንገደኞች ፕሮግራም ጀመረ። ከጀርባው ሮበርት ክራንዳል ነበሩ፤ በኋላ የኩባንያው አለቃ የሆኑት። ዩናይትድ በቀናት ውስጥ የራሱን ይዞ መጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ባዶ የሚበር ወንበር ለተመላላሽ ደንበኛ ቢሰጥ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ብልሃቱ ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ነጋዴውና ሠራተኛው የሚበሩት በመሥሪያ ቤት ገንዘብ ነው፤ ማይሉ የሚገባው ግን በራሳቸው ስም ነው። ስለዚህ ርካሹን ትኬት ሳይሆን ማይላቸው ያለበትን ትኬት ይቆርጣሉ። አበል የምትባለውን ነገር ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

በ1987 ጋብቻው ተፈጸመ። ሲቲባንክና አሜሪካን በጋራ ካርድ አወጡ፤ ለእያንዳንዱ ዶላር ወጪ አንድ ማይል። ከዚህ በኋላ ማይል ለማግኘት መብረር አያስፈልግም፤ ሽንኩርት መግዛት ይበቃል። ባንኩ ማይሉን ከአየር መንገዱ በጅምላ ይገዛል፣ ለካርድ ያዢው ይሰጣል፤ ገንዘቡን ከሻጩ ከሚቆርጠው ክፍያና ዕዳ ከተጫነው ሰው ወለድ ያወጣል። አየር መንገዱስ? ገንዘብ አታሚ ሆነ ማለት ነው። በኮምፒውተር ቁጥር ይጽፋል፣ በዶላር ይሸጣል።

ሰው ይህ ቁጥር ገንዘብ መሆኑን ለመረዳት ብዙ አልቆየም። በ1999 ዴቪድ ፊሊፕስ የተባለ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ አንድ የምግብ ኩባንያ ለገዢዎች ማይል እንደሚሰጥ ሲያይ አስልቶ 12,150 ኩባያ ፑዲንግ ገዛ። ሦስት ሺህ ዶላር ትንሽ አለፍ ያለ ወጪ ነው፤ ያገኘው ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ማይል። የኩባያዎቹን መለያ ልጦ መጨረስ ስላልቻለ ፑዲንጉን ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሰጠና እነሱ ላጡለት። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሳነብ ደስ ይለኛል፤ ችግሩ ግን የፊሊፕስ ዓይነት በሺህ አንድ ነው፣ የተቀረው ደግሞ እሱን ነኝ ብሎ የሚያስብ ነው።

ገንዘብ አታሚው ዋጋውንም የሚተምነው ራሱ ነው። አሜሪካን በ1988 የፕሮግራሙን ደንብ ቀደም ብሎ በተጠራቀመ ማይል ላይ ጭምር ሲለውጥ መንገደኞች ከሰሱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1995 ተወሰነ፤ «ውል ፈረሰ» ብላችሁ መክሰስ ትችላላችሁ፣ በግዛት የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ግን አትችሉም ተባሉ። ምክንያቱ ያው የ1978ቱ ሕግ ነው። በ2014 ደግሞ አንድ ራቢ፣ ቅሬታ አበዛህ ተብለው ከኖርዝዌስት አየር መንገድ ፕሮግራም መባረራቸውን ተቃውመው ያቀረቡት ክስ እዚያው ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ወደቀ፤ በዚሁ ሕግ ምክንያት። ዴልታ በ2015 ወዴት ለመብረር ስንት ማይል እንደሚያስፈልግ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አነሳ፤ ዩናይትድም በ2019 ተከተለው። ዛሬ ዋጋው የሚታወቀው ፍለጋውን ስትጫኑ ነው። እኛ በጁላይ 2024 ብር በገበያ ይተመን ሲባል ቢያንስ መግለጫ ሰምተናል።

የዚህ ገንዘብ ክብደት የታየው ግን በኮሮና ጊዜ ነው። በ2020 አውሮፕላኖች ቆመው ሳለ ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን መያዣ አድርጎ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። ፕሮግራሙ ወደ 22 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ፤ በዚያን ሰዓት የኩባንያው አጠቃላይ የአክሲዮን ዋጋ የዚያን ግማሽ ያህል ነበር። ማይሉ ከነአውሮፕላኑ፣ ከነአብራሪው፣ ከነሁሉ በለጠ ማለት ነው። ዴልታም በዚያው ዓመት እንዲሁ አድርጎ 9 ቢሊዮን ሰበሰበ። በ2024 ዴልታ ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ብቻ ያገኘው ገቢ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ሻጮች የካርድ ክፍያውን በሁሉም ዕቃ ዋጋ ላይ ስለሚጭኑት በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች ያስተላልፋል፤ ካርድ የሚጠቀም ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር ይቀበላል። ጥሬ ገንዘብ የሚይዘው በአመዛኙ ድሃው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 በክሬዲት ካርድ ግብይት ባንኮች የሚወስዱትን በ0.3 በመቶ ገደበው፤ የአውሮፓ ካርዶች ነጥብ የሳሳውም ለዚህ ነው። አሜሪካ በ2010 ዴቢት ካርዱን ብቻ ገድባ ክሬዲቱን ለቀቀችው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው በሁለቱም በኩል ቆሞ ይታየኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ምግብ ቤት የከፈተችው አበሻ ደንበኛው ጥብሱን በልቶ ካርድ ሲሰጣት ከሂሳቡ ላይ ይቆረጥባታል፤ ካርዱ ብዙ ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቆረጣው ከፍ ይላል። ደንበኛውም አበሻ ነው፤ በዚያ ነጥብ ለገና ቤተሰቡን ሊያይ ይሄዳል። በነፃ።

ታዲያ ለአክስቴ ልጅ ምን አልኳት? መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ነጥብ አልነበረም። «አሁን ባለሽ ካርድ ላይ በየወሩ ሙሉውን ትከፍያለሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «ትንሽ ትንሽ እየከፈልኩ ነው» አለች። አሜሪካ ውስጥ ዕዳ የሚንከባለልበት ካርድ አማካይ ወለድ ከ20 በመቶ በላይ ነው። አንድ ሺህ ዶላር ዓመቱን ሙሉ ቢንከባለል ሁለት መቶ ዶላር ይበላል፤ አንድ ሺህ ዶላር ማውጣት የሚያስገኘው ነጥብ ደግሞ አሥር፣ ቢበዛ ሃያ ዶላር ቢያወጣ ነው። ዕዳ ላለበት ሰው የሚሆን የጉዞ ካርድ የለም። «ስትጨርሺ ደውይልኝ» አልኳት። ተቀየመችኝ መሰለኝ።

ለጨረሰ ሰው ግን የምለው አለ። ጉዞህ ወደ አዲስ አበባ ከሆነ መጀመሪያ የምታየው የካርዱን ውበት ሳይሆን ነጥቡ ወዴት እንደሚሄድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዲሴምበር 2011 ጀምሮ የስታር አልያንስ አባል ነው። ስለዚህ ወደ ዩናይትድ ወይም ወደ ኤር ካናዳ የሚዛወር ነጥብ ከዋሽንግተን ደላስ ቀጥታ የሚመጣውን የኛን አውሮፕላን ወንበር ሊገዛ ይችላል፤ ወንበር ከተገኘ። የአሜሪካን ማይል በኳታር አየር መንገድ በዶሃ በኩል ያዞርሃል። የዴልታ ማይል የኛን ወንበር አይገዛም። በአንድ አየር መንገድ ስም ከታሰረ ማይል ይልቅ ወደ ብዙዎች የሚዛወር የባንክ ነጥብ ይሻላል፤ አንዱ ዋጋ ሲያስወድድ ወደ ሌላው ትሸሻለህ።

ስለ ዓመታዊው ክፍያም ተጠንቀቅ። ቼዝ ሳፋየር ሪዘርቭ በ2016 በ100,000 ነጥብ ስጦታ ሲወጣ ክፍያው 450 ዶላር ነበር፤ በ2025 ወደ 795 አደገ። የዚያው ባንክ ታናሹ ካርድ በ95 ዶላር ነጥቡን ወደዚያው ዩናይትድ ያዛውራል። በዓመት አንዴ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ትልቁ ለምን እንደሚያስፈልገው አልገባኝም፤ የኤርፖርት ሳሎን ውስጥ ገብቶ ፎቶ ለመነሳት ካልሆነ። የመግቢያውን ስጦታ ለማግኘት በሦስት ወር ብዙ ሺህ ዶላር አውጣ ይሉሃል፤ ያን ያህል የማታወጣ ከሆነ ለነጥቡ ብለህ ማውጣት ትጀምራለህ። በነጥብ የተቆረጠ ትኬትም ቢሆን ግብሩን በጥሬው ትከፍላለህ።

የአክስቴ ልጅ ከሦስት ቀን በኋላ ጻፈች። ጎረቤቷን አግኝታ ጠይቃታለች፤ ሴትዮዋ በሁለት ካርድ ላይ ዕዳ አለባት፣ ያም ከገና በፊት ጀምሮ ነው። እሷ ግን የድሮውን ዕዳ በአምስት ወር ልትጨርስ አስባለች። ለፋሲካ እመጣለሁ ያለችውን ወደ ክረምት አዛወረችው። እናቷ ይህን ከእኔ እንዳይሰሙ አደራ ብላኛለች፤ እሳቸው እንደሆነ ቴሌግራም አይጠቀሙም።