በሕግ ዜጋ፣ በመዝገብ ባዕድ፦ ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ የሄዱ ልጆች የዜግነት መዝገብ

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የሕፃናት ዜግነት ሕግ በሥራ ላይ የዋለው ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ከአሳዳጊዎቹ ቢያንስ አንዱ አሜሪካዊ የሆነ፣ ጉዲፈቻው የጸደቀለት፣ በቋሚ ነዋሪነት የገባና ከአሳዳጊው ጋር የሚኖር ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው ሁኔታዎቹ ሁሉ እንደተሟሉ ወዲያውኑ ዜጋ ይሆናል። ማመልከት አይጠበቅበትም፤ ቃለ መሐላም አይፈጽምም። ነገር ግን ዜግነቱን የሚወስን ባለሥልጣን ስለሌለ፣ ውሳኔውን ለየመሥሪያ ቤቱ የሚያሳውቅም የለም።

ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ እስካስቆመች ድረስ አሜሪካ ዋነኛ ተቀባይ አገር ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ2 ሺህ በላይ ልጆች ሄደዋል። የእነዚህ ልጆች የመዝገብ ዕጣ በአብዛኛው የተወሰነው በቪዛቸው ዓይነት ነው። የትውልድ አገሩ ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ከማጽደቁ በፊት አሳዳጊዎቹ ልጁን በአካል ካዩት ቪዛው «አይ አር 3» ይሆናል፤ ጉዳዩን በውክልና አስጨርሰው ልጁን ኋላ ካገኙት ደግሞ «አይ አር 4»። የፊተኛው ልጅ ድንበር ሲያልፍ ዜጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የዜግነት ምስክር ወረቀቱም ሳይጠየቅ በፖስታ ይላክለታል። የኋለኛው ግሪን ካርድ ይዞ ይገባል፤ ዜግነቱም የሚኖርበት የአሜሪካ ግዛት ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን እንደገና እስኪያጸድቅ ወይም እስኪቀበል ይቆያል። ከዚያ በኋላም ምስክር ወረቀቱን የሚልክለት የለም፤ ራሱ በ«ኤን 600» ቅጽ ማመልከት አለበት። ብዙ ቤተሰብ ፓስፖርት አውጥቶ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

አላለቀም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ በግሪን ካርድ የወጣ ከሆነ መዝገቡ ልጁን የውጭ አገር ሰው አድርጎ እንደያዘ ይቀራል። ፓስፖርትም ሆነ ምስክር ወረቀት መውጣቱ ብዙውን ጊዜ ይህን አይለውጠውም፤ ዋናውን ሰነድ ይዞ ቢሮው ድረስ ሄዶ ማስቀየር ያስፈልጋል። ስህተቱ የሚገለጠው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ኮሌጅ ሊገባ ሲል ነው። የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ቅጽ ላይ «ዜጋ ነኝ» ብሎ ይሞላል፤ ኮምፒውተሩ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር አመሳክሮ ዜግነቱን ማረጋገጥ እንዳልቻለ ይመልሳል፤ ኮሌጁም ማስረጃ አምጣ ይለዋል። አሥራ ስድስት ዓመት በዜግነት የኖረ ልጅ የመጀመሪያ የመንግሥት ጉዳዩን የሚጀምረው ባዕድ አለመሆኑን በማስረዳት ነው። መሥሪያ ቤቶቹ እርስ በርስ መጻጻፍ የሚችሉ ሆነው ሳለ ይህን ሸክም ልጁ ላይ መጣላቸው በእኔ እምነት የአሠራር ስንፍና እንጂ የሕግ ግዴታ አይደለም።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ስምና ልደት ነው። ከፍርዱ በኋላ ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የልጁን ስም ከአሳዳጊው አባት ስም ጋር ያያይዝ ነበር፤ የግዛቱ የልደት ምስክር ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ አዲስ መጠሪያ ይዞ ይወጣል። በገጠር ለተወለደና ልደቱ ላልተመዘገበ ልጅ ቀኑ በግምት የተሞላ ነው። 1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዓመቱ ሳይቀየር እንዳለ ቢገለበጥ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ይህ ተራ የጽሕፈት ግድፈት አይደለም፤ ዜግነቱ 18 ዓመት ሳይሞላ መሟላት ባለበት ሁኔታ ላይ ስለተመሠረተ፣ የዕድሜ ስህተት መብቱን ራሱን አጠራጣሪ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የግዛቱ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ የፌዴራል ሰነዶች እርማት የሚደገፈው በእርሱ ነው።

የተስተካከለው መዝገብ ግን አዲስ አበባ ላይ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው እርሱ፣ ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ እንደነበሩ ማስረዳት አለበት። አዲሱ የአሜሪካ ስም ከአሮጌው ፓስፖርት ጋር ስለማይገጥም፣ የልጁን የትውልድ ስም ከአሳዳጊዎቹ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ የሚያገናኘው የኢትዮጵያው የጉዲፈቻ ፍርድ ሆኖ ይገኛል። እርማቱ ሲያልቅ አሳዳጊዎች ይህን ወረቀት ጊዜው እንዳለፈበት ቆጥረው ቢጥሉት፣ ልጁ አድጎ ወደ ትውልድ አገሩ ሲመለስ በማን ስም እንደተወለደ የሚያስረዳበት ሰነድ ያጣል።