የሺያን ቅጥርና ድንጊያዎቿ

የጥንት ከተማ ለማየት የሚሄድ ሰው፥ በዓይኑ የሚያየው ሁሉ የአንድ ዘመን ሥራ እንዳልሆነ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። ይህን በግልጥ ከሚያስተምሩት ከተሞች አንዲቱ በቻይና አገር በሻንሺ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ሺያን ናት። በኅዳር ወር፥ ብርዱ በሚጠናበትና ዛፎቹ ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት ጊዜ ወደዚያ የሚሄድ ጐብኚ፥ ቀድሞ በልምላሜ ተሸፍኖ የነበረው የግንቡና የአፈሩ መልክ ተገልጦ ያገኘዋል። እኛም የጐበኘናት በዚሁ ወራት ነው።

በመዠመሪያ ዓይን የሚይዘው ቅጥሩ ነው። ዙሪያው 13.7 ኪሎ ሜትር፥ ቁመቱም 12 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በላዩ ሰዎች በእግርና በብስክሌት ይዞሩበታል። ከጐብኚዎቹም ብዙዎቹ ይህን ቅጥር ሲያዩ የታንግ ነገሥታትን መናገሻ ቻንግ-አንን ያዩ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ቅጥሩ የተሠራው በሚንግ ዘመነ መንግሥት በ1370ዎቹ ዓመታት ነው፤ የታንግ መንግሥት ግን ከዚያ ከ460 ዓመት በላይ ቀድሞ በ907 ወድቆ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

የታንግ ነገሥታት የነገሡባት ከተማ በ582 በሱይ ንጉሠ ነገሥት በዌን ትእዛዝ ተቈረቈረች፤ ዕቅዷን ያወጣው ዩዌን ካይ የሚባል ሰው ነበረ። ስፋቷ 84 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ መንገዶቿ እንደ ሰንጠረዥ ገበታ ቀጥ ብለው እየተቋረጡ ከ100 በላይ ለሆኑ ባለቅጥር ሰፈሮች ይከፍሏት ነበር። ዛሬ በሚንግ ቅጥር ውስጥ ያለው ስፍራ የዚያች ከተማ ሰባተኛ እጅ ያህል ብቻ ነው።

የቀረው ወዴት ሄደ? በ904 ዙ ዌን የተባለው የጦር አለቃ ንጉሠ ነገሥቱን አስገድዶ መናገሻውን ወደ ሉዎያንግ ባዛወረ ጊዜ፥ ቤተ መንግሥቱም የሕዝቡም ቤት ፈረሰ፤ እንጨቱም በዌይ ወንዝ እየተንሳፈፈ እንዲወርድ ተደረገ። የሕንጻዎቹ ምሰሶና ጣራ እንጨት ስለ ነበረ፥ ታላቂቱ ከተማ እንደ ድንኳን ተነቅላ ልትሄድ ቻለች። ከታንግ ዘመን ቆመው ከቀሩት ሕንጻዎች ዋነኞቹ ሁለት የቡድሃ ሃይማኖት የጡብ ግንቦች ናቸው። ከነዚህም ታናሹ በ1556 ከደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣ፥ ከ15 ደርቡ 13ቱ ብቻ ቀርተውለታል።

እንጨቱ ያልጠበቀውን ድንጊያ ጠብቆታል። የሐውልቶች ደን በሚባለው ቤተ መዘክር ውስጥ፥ በ837 ተቀርጸው የተፈጸሙ 114 ድንጊያዎች አሉ። በገልባጮች እጅ የሚገባው ስሕተት እንዲቀር ታስቦ፥ የኮንፊሺየስ ትምህርት የሚመሠረትባቸው 12 መጻሕፍት ከ650 ሺህ በሚበልጡ ፊደላት ተቀርጸውባቸዋል። ከተማዪቱ ከ904 በኋላ በጠበበች ጊዜ ድንጊያዎቹ ከቅጥር ውጭ ተጥለው ቆዩ፤ በ1087 ግን አሁን ወዳሉበት ስፍራ ተሰበሰቡ።

በዚሁ ቤት ለኢትዮጵያ ተማሪ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው በ781 የቆመው የክርስቲያኖች ሐውልት ነው። በቻይና ፊደል የተጻፈው ዋናው ቃል፥ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኵሴ አሎፔን በ635 ወደ ቻንግ-አን እንደ ደረሰና በንጉሠ ነገሥቱ በታይዞንግ መልካም አቀባበል እንደ ተደረገለት ይተርካል። በጐኑና በግርጌው ደግሞ የሱርስት ጽሕፈት አለበት። በዚያም የሐተታው ደራሲ አዳም «ቀሺሻ» ተብሎ ተጠርቷል፤ ይህም እኛ በግእዝ ቀሲስ የምንለው ነው። እንግዲህ ከሶርያ የወጣ አንድ የማዕርግ ስም በደቡብ እስከ ኢትዮጵያ፥ በምሥራቅ እስከ ቻንግ-አን ደርሶ ነበር። የዌይን ወንዝና የአክሱምን ምድር በአንድ ቃል የሚያገናኝ እንዲህ ያለ ምስክር እጅግ ጥቂት ነው።

በ845 ንጉሠ ነገሥቱ ዉዞንግ በቡድሃ ገዳማት ላይ ያወጣው ዐዋጅ ክርስቲያኖቹንም አገኛቸው። ሐውልቱ በዚያን ጊዜ እንደ ተቀበረ ይገመታል። ከመሬት የወጣው በ1620ዎቹ ዓመታት ሲሆን፥ ወደ ሐውልቶች ደን የገባው በ1907 ነው። ማኅበሩ ከዚያች ምድር ጠፍቶ ሳለ ቃሉን ያቈየው አፈሩ ነው ማለት ይቻላል።

በቻይና የብዙ ከተሞች ቅጥር በ20ኛው ምዕት ዓመት ሲፈርስ፥ የሺያን ቅጥር በ1961 በመንግሥት ከሚጠበቁት ቅርሶች ጋራ ስለ ተመዘገበ ዳነ። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ዳሩ ግን ዛሬ ከቅጥሩ በስተደቡብ፥ በታላቁ ግንብ አጠገብ፥ የታንግን መልክ በመምሰል በአዲስ የተሠሩ ሰፋፊ መንገዶችና ሕንጻዎች ይታያሉ። ለዓይን ያማሩ ናቸው፤ ምስክርነታቸው ግን ስለ ራሳችን ዘመን ነው። ቅጥሩ ስለ ሚንግ ይመሰክራል፤ ስለ ታንግ የሚናገሩት ሁለቱ ግንቦች፥ የተቀረጹት ድንጊያዎችና ከሣሩ በታች ያሉት መሠረቶች ናቸው። የታሪክ ተማሪም እያንዳንዱን ምስክር ስለ ገዛ ዘመኑ ብቻ ሊጠይቀው ይገባል።