ማን ገዛ? የአፋን ኦሮሞ ግሥ አወቃቀርና የምስክር ቃል

በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ አንድ ምስክር ስለተሰረቀ በሬ ተጠይቆ «ኢንኒ ቢቴ» ቢል «እሱ ገዛ» ማለቱ ነው። «ኢሼን ቢትቴ» ቢል ደግሞ «እሷ ገዛች» ይሆናል። ተውላጠ ስሙ ከቀረ ባልን ከሚስት የሚለየው የአንዲት «ት» መጥበቅ ብቻ ነው። እኔ የሕግ ሰው እንጂ የቋንቋ ምሁር አይደለሁም፤ ነገሩ ያሳሰበኝም ለዚሁ ነው።

የአፋን ኦሮሞ ግሥ ከግንዱ ይነሳል፤ አድራጊውን የሚጠቁም ምልክት ይከተለዋል፤ መጨረሻው አናባቢ ነው። መሄድን ከሚያመለክተው «ዴም» ብንነሳ «ዴሜ» ሄድኩ ወይም ሄደ፣ «ዴምቴ» ሄድክ፣ ሄድሽ ወይም ሄደች፣ «ዴምኔ» ሄድን ማለት ነው። ግንዱ በ«ት» ሲያልቅ ድምፆቹ ይዋዋጣሉ፤ «ቢት» ከ«ኔ» ጋር ሲጋጠም «ቢንኔ» (ገዛን) ይሆናል።

በቀለም አከፋፈል «ቢቴ» ቢ-ቴ፣ «ቢትቴ» ደግሞ ቢት-ቴ ነው። ቋንቋው ሦስት ተነባቢ ተከታትሎ እንዲመጣ አይፈቅድም። ስለዚህ የመሳቅ ግንድ የሆነው «ኮልፍ» «ቴ»ን ሲያስከትል መሃላቸው «ኢ» ገብታ ኮል-ፊ-ቴ (ሳቀች) ይባላል።

እንዲህ ያለው ስስ ልዩነት በሌላም ቋንቋ አለ። በእስፓኝኛ «አብሎ» የሚለው ቃል መጀመሪያው ሲጎላ «እናገራለሁ»፣ መጨረሻው ሲጎላ «ተናገረ» ነው። የእኛው «ይበላል»ም እንደ አነባበቡ በሊታውንም ተበይውንም ይሆናል፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይምና።

ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እገዛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነበር። ኦነሲሞስ የመጨረሻ ዘመኑን በነቀምቴ አሳልፎ በ1931 አርፏል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራ ላይ እንዲውል የተወሰነው ቁቤ ግን የሚጠብቀውን ተነባቢና የሚረዝመውን አናባቢ ደግሞ ይጽፋል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(7) የችሎቱን ቋንቋ ለማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ይደነግጋል። አስተርጓሚው ጥብቋን «ት» ካልሰማ ግን መብቱ በወረቀት ይቀራል። ስለዚህ ዳኛም ጠበቃም በግሡ ብቻ አይርካ፤ ምስክሩን «ስሙን ጥራ፤ ማን ገዛ?» ብሎ ይጠይቅ። የምስክሩ ቃል ሲተረጎምም በቁቤ የተመዘገበው ዋናው ቃል አብሮ ይያያዝ።