የኒንጃ ሙያ በሕይወት መመለስ ነበር

አምና አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ከቤተ መጻሕፍት ሲመለስ፣ ከግቢው አጥር ውጭ ባለችው ጨለማ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች አስቁመው «ስልክህን አምጣ» አሉት። አንደኛው ቢላ ይዟል። ጓደኛችን ግን ሦስት ወር ሙሉ «የኒንጃ ጥበብ» ወደሚያስተምር አንድ ክበብ ሲመላለስ ከርሟል። ቢላ የማስጣል ዘዴ ተምሮ ኮሪደር ላይ አሳይቶናል፤ አጨብጭበንለታል። ያን ማታ ዘዴውን ሞከረው። ስልኩም ሄደ፣ የቀኝ መዳፉም ተሰፋ፣ የመንፈቅ ዓመት ፈተናውም አመለጠው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው።

የሳቀበት ብዙ ነው። እኛን ግን ሳቅ አልመጣልንም፤ ያጨበጨብነው እኛ ነን እኮ! ስለዚህ ጥያቄ ይዘን ተቀመጥን። ኧረ ለመሆኑ ኒንጃ የሚባሉት ሰዎች እነማን ነበሩ? ቢላ የያዘ ሰው ቢገጥማቸውስ ምን ያደርጉ ነበር? መልሱን ከፊልም ሳይሆን ከታሪክ ለመፈለግ ሞከርን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በጃፓን፣ ከኪዮቶ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከሚገኙ ኢጋና ኮካ ከሚባሉ ሁለት ተራራማ አውራጃዎች ነው። ከ1467 ዓ.ም. ወዲህ የጃፓን ማዕከላዊ መንግሥት ተዳክሞ መሳፍንቱ ከመቶ ዓመት በላይ እርስ በርስ ተዋግተዋል። የእኛን ዘመነ መሳፍንት ለሚያውቅ አንባቢ ሁኔታው እንግዳ አይሆንበትም። ኢጋ ላይ ግን አገሩን ጠቅልሎ የሚገዛ መስፍን አልነበረም። በሰላም ጊዜ መሬታቸውን የሚያሳርሱና የሚያርሱ፣ በጦርነት ጊዜ ጋሻ የሚያነሱ ትንንሽ ባለርስቶች በማኅበር ተስማምተው ራሳቸውን ያስተዳድሩ ነበር። በጽሑፍ ባሰፈሩት ስምምነት መሠረት ጠላት ሲገባ በየመንደሩ ደወል ይደወላል፤ ዕድሜው ከ17 እስከ 50 የሆነ ወንድ ሁሉ ይወጣል።

እነዚህ ሰዎች የትልልቆቹን መሳፍንት ያህል ሠራዊት አልነበራቸውም። የጎደለውን የሞሉት በሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ተራራውን በማወቅ፣ ሌሊት በመጓዝ፣ ጠላት ከመምጣቱ በፊት ወሬውን በማግኘት። ሙያቸው እየታወቀ ሲሄድም መሳፍንቱ ይቀጥሯቸው ጀመር። በዘመኑ ይጠሩበት የነበረው ስም በአብዛኛው ሺኖቢ ነው። ኒንጃ የሚለው አጠራር ዓለምን ያዳረሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ቃሉ የሚጻፍበት ምልክት ላዩ ስለት፣ ታቹ ልብ ሲሆን መደበቅ ማለትም መታገሥ ማለትም ነው።

አይሸነፉም ነበር ወይ ለሚለን፣ ተሸንፈዋል። በ1579 ዓ.ም. የታላቁ የጦር መሪ የኦዳ ኖቡናጋ ልጅ ኢጋን ወግቶ አፍሮ ተመለሰ። በ1581 ዓ.ም. ግን አባትየው ራሱ እጅግ ብዙ ሠራዊት አዝምቶ አውራጃውን አቃጠለው። ሥውር ጥበብ የጦር ጎርፍ አያቆምም። በዓመቱ ደግሞ ታሪክ ዞረ። በ1582 ዓ.ም. ኖቡናጋ በገዛ የጦር አዛዡ ተከድቶ ኪዮቶ ውስጥ ሞተ። የኖቡናጋ ባለሟል የነበረው ቶኩጋዋ ኢዬያሱ በዚያን ሰዓት ጥቂት ተከታዮች ብቻ ይዞ ሳካይ ከተማ አጠገብ ነበር። አባቱ የኢጋ ተወላጅ የነበረው ሃቶሪ ሃንዞ አብሮት ነበረና፣ በኢጋ ሰዎች መሪነት ተራራውን አቋርጦ አገሩ ገባ። ይህ ሰው ነው በኋላ ጃፓንን ከ250 ዓመት በላይ የገዛውን መንግሥት የመሠረተው። የኢጋን ሰዎችም ለቤተ መንግሥቱ ጥበቃ ቀጠራቸው፤ ቶኪዮ ውስጥ የሃንዞ በር የሚባል የቤተ መንግሥት በር እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ልብ እንበል! የሺኖቢዎች ዝነኛ ሥራ የተባለው ይህ ጉዞ የፍልሚያ ድል አይደለም፤ አንድን ሰው በሕይወት አሾልኮ ማውጣት ነው።

የጽሑፍ ማስረጃውም ይህንኑ ይናገራል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሙያው እንዳይጠፋ በ1676 ዓ.ም. ባንሴንሹካይ የተባለ ባለ 22 ጥራዝ መጽሐፍ ተዘጋጀ፤ የስሙ ትርጉም «እልፍ ወንዞች ባሕር ይገባሉ» እንደ ማለት ነው። በ1681 ዓ.ም. ደግሞ ሾኒንኪ የተባለው ተከተለ። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ቦታ የያዘው እርግጫና ቡጢ አይደለም። ነጋዴ ወይም መነኩሴ መስሎ እንዴት ይታለፋል? የቤቱ ሰዎች እንቅልፍ የሚጸናባቸው መቼ ነው? እሳት እንዴት ይለኮሳል? እንዲህ ያለው ነው። ባንሴንሹካይ ገና ከመነሻው የሚያስተምረው የቀና ልቡናን ነገር ነው፤ ምክንያቱም ይህን ጥበብ ልቡ ያልቀና ሰው ከያዘው ሌብነት ይሆናል። ሺኖቢ ወሬ እንዲያመጣ ነው የሚላከው። ሞቶ ከቀረ ወሬው አብሮት ይቀራል። ስለዚህ መዋጋት የሚመጣው ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ነው።

ታዲያ የኮሪደሩ ኒንጃ ከየት መጣ? ጥቁር ልብሱን ብዙዎች የሚያያይዙት ከጃፓን ቲያትር ጋር ነው፤ ካቡኪ መድረክ ላይ ጥቁር ለብሶ ዕቃ የሚያቀብለውን ረዳት ተመልካቹ እንዳላየ ያልፈዋል። እውነተኛው ሰላይ ግን መንገደኛ መስሎ ቢሄድ ይሻለዋል። በእኛ ዘመን ሙያውን ለውጭው ዓለም ያስተዋወቁት ሃትሱሚ ማሳኪ ናቸው። በ1972 ዓ.ም. ካረፉት መምህራቸው ከታካማትሱ ቶሺትሱጉ የተማሩትን ቡጂንካን በተባለው ድርጅታቸው አስተማሩ። በ1975 ዓ.ም. ስቲቨን ሄይስ የተባለ አሜሪካዊ ሄዶ ተማረና አገሩ ወሰደው። የትምህርቱ የዘር ሐረግ እስከ ጥንቶቹ ሺኖቢዎች መድረሱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከ1981 ዓ.ም. ወዲህ የሆሊውድ ኒንጃ ፊልሞች ተግተልትለው ሲመጡ ደግሞ ጥበቡ በየሰፈሩ መሸጥ ጀመረ፤ እኛም ጋ ደረሰ።

ይሁን እንጂ ሁሉንም ጠራርገን አንጥልም። ጥሩ መምህር ያለበት ቤት መጀመሪያ የሚያስተምረው መውደቅን ነው፤ ሳይሰበሩ ተንከባሎ መነሣትን። ቀጥሎ ርቀት መጠበቅን፣ ከምቱ መሥመር ገለል ማለትን፣ የተያዘ እጅን አስለቅቆ መሄድን። ይህ ዓመታት ይፈጃል፤ ዓመታቱም አያስቆጩም። ቢላ በሦስት ወር አስጥላለሁ የሚል ግን ሰው ያስገድላል።

ችግሩ የክበቡ ብቻ አይመስለንም። እኛ ራሳችን ፉከራና ሽለላ እየሰማን ያደግን ነን፤ «ሸሸ» መባልን ከቁስል አብልጠን እንፈራለን። ያን ማታ ጓደኛችን ስልኩን ወርውሮ ቢሮጥ ኖሮ፣ እውነቱን እንናገር፣ እዚያው ኮሪደር ላይ የምንስቅበት እኛው ነበርን። እሱም ይህን ያውቅ ነበር። ቢላው ፊት ያቆመው የክበቡ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የእኛ ጭብጨባም ነው።

አሁን ከቤተ መጻሕፍት የምንወጣው ተጠባብቀን ነው። በረዥሙ፣ መብራት ባለው መንገድ እንሄዳለን። ጓደኛችንም መዳፉ ድኖ ከእኛ ጋር ሣር ላይ መውደቅ ይለማመዳል። በአገራችን «ፈሪ ለእናቱ» የሚባለው ለስድብ ነው። የኢጋ ሰዎች ቢሰሙት ግን የሙያቸው ሕግ ይመስላቸው ነበር።