ሥራ ያጣ መነኵሴ ቆቡን ለምን ይሰፋል?

«ሥራ ያጣ መነኵሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለውን ተረት በአገራችን ያልሰማ ሰው የለም። የሚነገረውም ለመዘባበቻ ነው፤ ቁም ነገር ያጣ ሰው ጊዜውን በከንቱ ሲያሳልፍ ይተረትበታል። ነገር ግን ተረቱን ረጋ ብለን ብንመረምረው ሦስት ነገር እናገኝበታለን፤ እነዚህም ሥራ ማጣት፥ ምንኵስናና መርፌ ናቸው። ሦስቱ በክርስቲያኖች ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አብረው ተገኝተዋል፤ በተገኙበትም ስፍራ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። እንጀራውን ያጣ ሰው ከእንጀራው ጋር እምነቱን እንዳያጣ፥ ለቤተ ሰቡ የሚሰጠው ገንዘብ የሌለውም ሰው መስጠትን እንዳይረሳ የጠበቀው ብዙ ጊዜ ይህ የተናቀ መርፌ ነው። ስለዚህ የነገሩን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ በአጭሩ እንጽፋለን።

አስቀድሞ ሁለት ነገር መለየት ይገባል፤ ሥራ መጥላት ሌላ ነው፥ ሥራ ማጣትም ሌላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው የተሰሎንቄ መልእክቱ ሊሠራ ስለማይወድ ሰው የተናገረው ቃል፥ ሥራ ፈልጎ ባጣ ሰው ላይ ሲጠቀስ ይሰማል። ሐዋርያው ግን የገሠጸው የማይወደውን እንጂ የማያገኘውን አይደለም። ስለማያገኘው ሰው ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ20ኛው ምዕራፍ በምሳሌ አስተምሯል። እስከ ዐሥራ አንደኛው ሰዓት በገበያ ቆመው የዋሉት ሰዎች ስለ መቆማቸው በተጠየቁ ጊዜ ምክንያታቸው የሚቀጥራቸው ማጣታቸው ነበር። ባለ ወይኑም አልነቀፋቸውም፤ ወደ ወይኑ ሰደዳቸው፤ በመሸም ጊዜ ከጧት ጀምረው ከደከሙት ጋር እኩል ከፈላቸው። ተስፋ ቆርጠው ወደየቤታቸው ገብተው ቢሆን ኖሮ ግን በዚያ ሰዓት የሚጠራቸው አያገኛቸውም ነበር። ሥራ ያጣ ክርስቲያን እምነትም እንዲህ ነው፤ እስኪጠራ ድረስ ከስፍራው ሳይለቁ መቆየት።

ነገር ግን ከጧት እስከ ዐሥራ አንደኛው ሰዓት ያለው ጊዜ ረጅም ነው። እጅ ባዶ ሲሆን ልብ ወደ ትካዜ፥ ትካዜም ወደ ማጕረምረም ይሄዳል። የግብጽ በረሓ አባቶች ይህን ፈተና ሃኬት ብለው ከጽኑ ጾሮች ጋር ቈጥረውታል። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ356 ዓ.ም. ያረፈው ታላቁ አባ እንጦንስ በዚህ ፈተና ተጨንቆ ሳለ፥ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲገምድ፥ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ እንደ ገናም ተቀምጦ ሲገምድ አየ፤ ያየውም መልአክ እንደ ነበረ የአባቶች ዜና ይነግራል። ጸሎትና የእጅ ሥራ በገዳም እየተፈራረቁ መሄዳቸው በዚህ ምሳሌ ጸና። ጳላድዮስም በ420 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው መጽሐፍ፥ በላይኛው ግብጽ በአክሚም ከነበረው የአባ ጳኵሚስ ሥርዓት ገዳም 15 ልብስ ሰፊዎች፥ 7 ብረት ሠሪዎችና 4 አናጢዎች እንዳየ ቈጥሮ ጽፏል።

ለነገራችን ከሁሉ የሚቀርበው ግን ዮሐንስ ካስያን ስለ አባ ጳውሎስ የጻፈው ነው፤ ይህም ጳውሎስ ከታላቁ ከአባ ጳውሊ ሌላ ነው። በዓቱ ከከተማ ሰባት ቀን ያህል ያስኬድ ስለ ነበር፥ የሠራውን ለገበያ ቢልክ የማመላለሻው ኪራይ ከዕቃው ዋጋ ይበልጥ ነበር። ከተምርና ከጥቂት አታክልት የሚያገኘውም ምግብ ይበቃው ነበር። እንዲህም ሆኖ በየቀኑ የሰሌን ቅጠል እየሰበሰበ፥ እንደ ተቀጠረ ሰው ለራሱ የዕለት ሥራ እየመጠነ ይሠራ ነበር። ዓመቱ ሲፈጸም ዋሻው በሥራው ይሞላል፤ ያን ጊዜ የዓመት ድካሙን በእሳት አቃጥሎ እንደ ገና ይጀምራል። እነሆ ተረታችን የሚዘብትበት መነኵሴ ይህ ነው። ዋጋ የሚከፍለው፥ የሚገዛው፥ የሚያመሰግነው ሰው ሳይኖር የሠራው ሥራ ልቡን ከሃኬት ጠበቀለት። እንግዲያስ ሥራ ማለት ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ደመወዝ ሲቋረጥም እጅ ከነክብሩ ይቀራል።

አባ ጳውሎስ ብቸኛ ነበርና የሠራውን የሚሰጠው ሰው አልነበረውም። ቤተ ሰብ ያለው ሰው ግን ድካሙን ማቃጠል አያሻውም፤ የሚለብሱለት አሉት። በመጽሐፍ መጀመሪያ የተጻፈው ስፌት የበለስ ቅጠል ስፌት ነው፤ አዳምና ሔዋን በኀፍረት ሰፉት። ከዚያ በኋላ ግን እግዚአብሔር የቁርበት ልብስ አድርጎ አለበሳቸው። ከኀፍረት የተጀመረው ነገር በርኅራኄ ተፈጸመ። ሥራ ያጣ አባትም፥ ሥራ ያጣች እናትም በበዓል ቀን በልጆቻቸው ፊት የሚሰማቸው ኀፍረት ከዚያ ከመጀመሪያው ኀፍረት የራቀ አይደለም፤ መድኃኒቱም ያው ማልበስ ነው።

የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐና ልጅዋን በሴሎ ለቤተ እግዚአብሔር ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ልጁ ከዓይኗ ርቆ ምን ያህል እንዳደገ በልብዋ ሳትለካ ልትሠራው አትችልም ነበር፤ ስለዚህ በልብሱ ውስጥ የዓመት ናፍቆትና የዓመት ጸሎት ነበረበት። ይሁን እንጂ ለቤተ ሰብ ስጦታ የሚያዘጋጅ ሰው የያዕቆብንም ታሪክ ሊያስብ ይገባዋል፤ ለዮሴፍ ብቻ ያደረገለት ጌጠኛ ቀሚስ በወንድማማች መካከል ቅናትን አስነሥቷል። ስጦታ ከእጅ ጥበብ በፊት የልብ ሚዛን ያስፈልገዋል። በሐዋርያት ሥራ በ9ኛው ምዕራፍም በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ በሞተች ጊዜ፥ መበለቶቹ ስለ እርስዋ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያቀረቡት ምስክር በሕይወቷ ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር። ሌላ የምስጋና ቃል አላስፈለጋቸውም።

በእኛም አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፤ መስፋት ስንል በመርፌ ጨርቅ መስፋትን ብቻ ሳይሆን በወስፌ አክርማና ስንደዶ መስፋትንም እንላለን፤ መሶቡም፥ ሙዳዩም፥ ሰፌዱም ስፌት ይባላል። በቀድሞው ልማድ ጥጥ መፍተል የሴት፥ ልብስ መስፋት ደግሞ የወንድ ሥራ ነበር። ከአብነት ተማሪዎችና ከደብተሮችም ልብስ እየሰፉ፥ ብራና እየፋቁ፥ መጽሐፍ እየጻፉ ራሳቸውን የረዱ ብዙዎች ናቸው። እናት በእንዝርቷ ስትፈትል ከርማ፥ ለሸማኔ ሰጥታ፥ ጋቢውን ለልጇ ስታለብሰው በገበያ ከተገዛው ጋቢ የሚለየው በሙቀቱ አይደለም፤ ሲፈተል ስሙ እየተነሣ ስለ ተጸለየበት ነው። የእጅ ሥራን መናቅ ግን የቈየ በሽታችን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ፥ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውን፥ ጸሐፊውንና አራሹን በሥራው የሚሰድቡትን ሰዎች ገሥጸዋል። ያ ስድብ ዛሬም ከአንዳንድ አፍ አልጠፋምና፥ ሥራ ያጣ የተማረ ሰው መርፌ ለማንሣት የሚያፍረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሥራ ማጣት የአንድ ሰው ስንፍና አለመሆኑ በዓለም ፊት የተገለጠው ደግሞ በአሜሪካ ነው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ በ1933 ዓ.ም. በዚያ ባለጠጋ አገር ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አልነበረውም። ያን ጊዜ ዱቄትና የእንስሳት መኖ የሚመጣው በጥጥ ከረጢት ነበርና፥ እናቶች ከረጢቱን ፈትተው፥ የፋብሪካውን ማኅተም አጥበው አስለቅቀው፥ ለልጆቻቸው ቀሚስ፥ ሸሚዝ፥ የትራስ ልብስና አሻንጉሊት ይሰፉ ነበር። ባለ ፋብሪካዎችም ይህን አይተው ከረጢቱን በአበባ ሥዕል ያሳትሙት ጀመር። ብዙ ልጆች የልደትን በዓል ያከበሩት በእንዲህ ያለ ልብስ ነው። ዱቄቱ ተበልቶ አለቀ፤ ከረጢቱ ግን ስጦታ ሆኖ ቈየ።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ስንጽፍ፥ መርፌ የደመወዝን ስፍራ ይተካል ማለታችን አይደለም። ከረጢት የሰፋችው እናትም ባሏ ሥራ እንዲያገኝ መጸለይዋን አልተወችም። ሥራ ያጣውን ሰው ታገሥ ብሎ መምከር ብቻ የምእመናንን ዕዳ አይከፍልም። በ4ኛው መቶ ዓመት የተሰበሰበው፥ ከእኛም ዲድስቅልያ ጋር የተዛመደው የሐዋርያት ሥርዓት መጽሐፍ፥ ኤጲስ ቆጶሳት ለተራበ ምግብ፥ ለእንግዳ ማደሪያ እንደሚሹ ሁሉ ለባለ እጅም ሥራ እንዲሹለት ያዝዛል። ሥራም ምጽዋት ሆኖ ተቈጥሯል ማለት ነው። አቂላና ጵርስቅላ በ49 ዓ.ም. ገደማ በቀላውዴዎስ ቄሣር ትእዛዝ ከሮም ተሰደው በቆሮንቶስ ድንኳን ይሰፉ ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስ በደረሰ ጊዜ ከአጠገባቸው አስቀምጠው አብሯቸው እንዲሠራ አደረጉት። ስደተኞች ለመንገደኛ ስፍራ ለቀቁ። በየደብራችን ሥራ ያለው ነጋዴና ሹም፥ ሥራ ላጣው ወንድሙ እንዲህ ያለ ስፍራ ሊለቅለት ይገባል።

እንግዲህ ሥራ ያጣህ ወንድም፥ ሥራ ያጣሽ እኅት ሆይ፤ የሚጠራህ እስኪመጣ ከገበያው አትሂድ፥ ከቤተ ክርስቲያንም ደጅ አትራቂ። በዓል ሲደርስ ለስጦታ ብላችሁ ዕዳ አትግቡ፤ ያላችሁን ክርና ጨርቅ አንሡ፤ በእያንዳንዱም ስፌት የምትሰፉለትን ሰው ስም በጸሎት አንሡ። የሚዘብት ሰው ቢመጣም መነኵሴው ቆቡን የሚሰፋበትን ምክንያት ንገሩት፤ እጁ እንዳይፈታ፥ ልቡም ከእጁ ጋር እንዳይፈታ ነው። ሥራን ለሚሹ ሥራን፥ ለሚጠብቁም ትዕግሥትን እግዚአብሔር ይስጥልን፤ አሜን።