መከራን በደስታ ስለ መቀበል

ሐዋርያት ስለ ጌታቸው ስም ተገርፈው በወጡ ጊዜ እንደ ተደሰቱ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ወጣቶች ግን ይህን ሲሰሙ «ጅራፍ ያረፈበት ሰው እንዴት ደስ ይለዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ለእኔ የድፍረት ሳይሆን የቅንነት መስሎ ይታየኛል። መልሱን በሮም ከሞቱት ሰማዕታት ዘንድ መፈለግ ይቻላል፤ ነገር ግን የመንዝና የግሼ መንገደኛ ወደ ሸገር ሲወርድ የሚያልፍበት የደብረ ብርሃን ሜዳ እያለልን ለምን ባሕር እንሻገራለን?

ይህ ሜዳ ሁለት ጊዜ የሃይማኖት ሰዎችን ደም ጠጥቷል። የመጀመሪያው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በስግደት ነገር ከንጉሡ ጋር ስላልተስማሙ በ1446 ዓ.ም. ግድም በዚህ ስፍራ በድንጋይ ተወገሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ምልክቱን ለራሱ ተርጕሞ ቤተ ክርስቲያን አሠራ፥ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። በትምህርቱ ማን ትክክል እንደ ነበረ መመርመሩን ለሊቃውንት እተዋለሁ። እኔን የሚያሳዝነኝ ወጋሪውም ተወጋሪውም በአንድ ሥላሴ ስም ያማትቡ እንደ ነበረ ነው።

የሁለተኛውን ነገር ለመናገር ከአቡነ ጴጥሮስ መጀመር ይገባል። እኒህ አባት በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ከሰላሌ አርበኞች ጋር ተባበሩ፤ ከተማይቱን ለማስለቀቅ የተደረገው ዘመቻ ሳይሳካ ቀረና ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ። አርበኞቹን አውግዘው ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደበደቡ። አንዳንድ ሰው «እርሳቸው የሞቱት ለአገር ነው እንጂ ለሃይማኖት አይደለም» ይላል። እኔ ይህን ክፍያ አልቀበልም። የተጠየቁት መስቀላቸውን ይዘው ሐሰት እንዲናገሩ ነው፤ ካህን በመስቀሉ ሐሰት እንዲናገር ሲጠየቅ ከዚህ የበለጠ የሃይማኖት ነገር ምን አለ?

እንግዲህ ደስታ ስንል ሳቅ ማለታችን አይደለም። ሕመም ሕመም ነው፤ ጌታችንም በጌቴሴማኒ ተጨንቋል። ደስታው ልብና አንደበት አንድ ሆነው የተገኙበት ሰው ዕረፍት ነው። መከራን ፈልጎ የሚሄድ ደግሞ ይህን ዕረፍት አያገኝም፤ እርሱ የሚፈልገው ክብሩን ነውና።

በዓመቱ የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። እርሱም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በነገሩ አሉበት ብሎ እንዲገደሉ ጄኔራል ማሌቲን አዘዘ። ሠራዊቱም ሰው ለተክለ ሃይማኖት በዓል ለግንቦት 12 በተሰበሰበበት ጊዜ ገዳሙን ከበበ፤ ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን እንደ ተረሸኑ የግራዚያኒ ቴሌግራም ራሱ ይናገራል። ዲያቆናቱ ልጆች ስለ ሆኑ ለጊዜው ተለይተው ወደ ደብረ ብርሃን ተወሰዱ። ኋላ ግን ትእዛዙ ተለወጠና ግንቦት 18 ቀን 129 ዲያቆናት ከደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ በተባለ ስፍራ ተረሸኑ። ድምሩ 449 ነው፤ ይህም የገዳዩ ቍጥር ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገው የታሪክ ምርምር የሟቾቹ ብዛት ከ1,400 እንደሚበልጥ ገልጿል።

ወደ እነዚህ ልጆች ስደርስ ብዕሬ ይቸገራል። አቡነ ጴጥሮስ ተጠይቀው መልሰዋል፤ ዲያቆናቱን ግን ካዱ ወይም እመኑ ያላቸው የለም። ደስ እያላቸው ሞቱ ብዬ ብጽፍ ያላየሁትን መመስከር ይሆንብኛል፤ ብዙዎቹም ሳያለቅሱ አልቀሩም። ዕድሜያቸው፥ አንባቢዬ ሆይ፥ የአንተ ዕድሜ ነበረ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር በእርግጥ እናውቃለን። የቆሎ ተማሪ ኑሮ እንዴት እንደ ሆነ አገር ያውቀዋል። ልጁ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኵፋዳ አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቍራሽ ይለምናል፤ ውሻ ይነክሰዋል፥ የደጋው ውርጭ ያንዘፈዝፈዋል፥ ሌሊትም ተነሥቶ ዜማውን ይቀጽላል። ይህን ሁሉ ማንም አላስገደደውም። ብዙዎቹ ከአባታቸው ጠፍተው የሄዱ ናቸው! የቆሎ ተማሪ በረኀቡ ሲቀልድና ሲዘፍን ያየ ሰው «መከራን በደስታ» የሚለው ቃል ምን እንደ ሆነ ያለ ትርጓሜ ይገባዋል። እነዚያም ልጆች ለሃይማኖታቸው ብለው መከራን በደስታ የተቀበሉት ጠመንጃ ሳይደገንባቸው ገና ቀድሞ ነው፤ እንገጫ የሄዱትም ያንኑ ልብ ይዘው ነው።

ከሞት የተረፉት 30 ልጆች ብቻ እንደ ሆኑና ወደየትውልድ መንደራቸው እንደ ተመለሱ በዚያው በጣሊያን መዝገብ ተጽፏል። የግንቦት 12 በዓል ዛሬም በደብረ ሊባኖስ ይከበራል፤ ከመርሐ ቤቴ የሚነሣውም ምእመን የጀማን ገደል ወርዶ፥ ወንዙን ተሻግሮ ይደርሳል።