ከባዶ ኮረብታ እስከ እንጨት ሳጥን

በደቡብ እንግሊዝ፣ ከሳልስበሪ ከተማ አጠገብ፣ ኦልድ ሳረም የሚባል ሣር የለበሰ ኮረብታ አለ። ነዋሪዎቹ ጥለውት ከሄዱ ዘመናት ቢቆጠሩም፣ እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለት እንደራሴዎችን ፓርላማ ያስገባ ነበር። በጣት የሚቆጠሩት መራጮቹ የሚመርጡት ባለመሬቱ የፈለገውን ነው፤ መሬቱን የገዛ ወንበሮቹንም ገዛ። ፋብሪካ የሞላባት ማንቸስተር ግን የራሷ እንደራሴ አልነበራትም።

ግፉ ያንገሸገሸው ሕዝብ ኦገስት 16 ቀን 1819 በማንቸስተር ቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ ተሰበሰበ። 60 ሺህ ያህል ነበር፤ ብዙ ሴቶች ነጭ ለብሰው፣ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። የምርጫ ለውጥ ተሟጋቹ ሄንሪ ሀንት መናገር እንደጀመረ ፈረሰኞች ሰይፍ መዝዘው ገቡ። ከሟቾቹ አንዱ ከእናቱ እቅፍ የወደቀ የሁለት ዓመት ሕፃን ነው። ይህን የመሰለ ደም ፈሶ እንኳ መንግሥት ያመሰገነው ወታደሮቹን ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻም ስብሰባንና ጋዜጣን የሚያፍኑ ሕጎች አወጣ።

በመጨረሻ የ1832ቱ የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ኦልድ ሳረምን ሰርዞ ለማንቸስተር ሁለት ወንበር ሰጠ። አብዛኛው ሠራተኛ ግን የመምረጥ መብት ሳያገኝ ደጅ ቀረ።

መራጩም ምርጫውን በአደባባይ፣ አሠሪው ፊት መናገሩ የቀረው በ1872 ነው። በዚያው ዓመት ፖንትፍራክት ከተማ በምስጢር ድምፅ ሲሰጥ፣ የእንጨቱ ሳጥን የታሸገው በአንድ የከረሜላ ፋብሪካ ማኅተም ነበር። ሳጥኑ ዛሬም በከተማዋ ሙዚየም፣ ሰሙ እንዳለበት ይታያል።